ከየትኛው ቅጽ አንድ ልጀምር? ዘጠኝ የኤፒክ ፋንታሲ መክፈቻዎች በንጽጽር

ስለ አንድ የኤፒክ ፋንታሲ (በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ሰፊ የጀብዱ ታሪክ) ተከታታይ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የአንባቢዎችን አስተያየት የሚያገላብጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጀመረበት የባሰ ግራ ተጋብቶ ነው የሚወጣው። አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ «እንቅልፍ ነሳኝ» ይላል። ሌላው ያንኑ መጽሐፍ በአንድ ኮከብ ሸኝቶ «መቶ ገጽ አነበብኩ፤ ምንም ነገር አልተፈጠረም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ተከታታዩን እስከ መጨረሻው ዘልቆ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ነው ቅጽ አንድን የሚመዝነው፤ ሁለተኛው በእጁ የያዘውን ብቻ።

የኤፒክ ፋንታሲ ቅጽ አንድ ከአንባቢው ትዕግሥት ይበደራል። መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ስንት ይበደራል፣ መቼ ይከፍላል፣ የሚከፍልስ አለ ወይ ነው። «ጥሩ መጽሐፍ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች «ከዚህ ጀምር» እየተባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቆሙ ዘጠኝ ልብ ወለዶችን በዚህ ዓይን እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## በመጀመሪያ መለኪያው

የመግቢያው ክብደት። በመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ስንት አዲስ ስም፣ ስንት ቦታ፣ ስንት የተፈጠረ ቃል ይመጣል? ደራሲው ያብራራል ወይስ አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል? አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስቀምጠው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

ራሱን ችሎ መዝጋቱ። አንዳንዱ ቅጽ አንድ የጀመረውን ግጭት ይፈታል፤ የቀረው ቢቀጥልም ባይቀጥልም አንባቢው አንድ ሙሉ ታሪክ አንብቧል። አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ይቆማል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ አንባቢ የመጨረሻውን ገጽ ሲገልጥ መናደዱ አይቀርም።

ተከታታዩ ማለቁ። ያላለቀ ተከታታይ መጀመር ነውር የለበትም። ግን ሳያውቁ መጀመር ሌላ ነው።

ርዝመቱ በሰዓት። የገጽ ቁጥር አያስተማምንም፤ አንዱ ልብ ወለድ በፊደሉ መጠንና በወረቀቱ ስፋት ምክንያት በአንዱ እትም 400፣ በሌላው 550 ገጽ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው የቃል ብዛት ነው። በደቂቃ 200 ቃል የሚያነብ ሰው የቃሉን ብዛት ለ12,000 ቢያካፍል ሰዓቱን ያገኛል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ፣ በደቂቃ ወደ 150 ቃል የሚያነብ፣ በዚያ ላይ ሲሶውን ይጨምር።

አንጻሩ። ታሪኩን የምናየው በአንድ ሰው ዓይን ነው ወይስ በስምንት? ብዙ አንጻር ያለው ልብ ወለድ አንድ ሰው ቢሰለች ሌላውን ያቀርባል፤ በሌላ በኩል ግን ልብ በጣም በተንጠለጠለበት ሰዓት ወደማያጓጓው ሰው ይዞ ይሄዳል።

እንግሊዝኛው። እነዚህ መጻሕፍት በብዛት የሚነበቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመትና የቃሉ እርጅና ራሱን የቻለ መለኪያ ነው።

ይዘቱ። ጭካኔ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ የልጆች ስቃይ። ስለ እነዚህ ኮከቡ ምንም አይናገርም።

ሆን ተብሎ የተተወ መለኪያ አለ፤ «የፈጠረው ዓለም ግሩም ነው» የሚለው። ዘጠኙም ይህ ስለተባለላቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት አይጠቅምም።

## አስተያየቱ ራሱ እንዴት ይነበባል?

የረጅም ተከታታይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው የተሻለ አማካይ ኮከብ ይዞ መታየቱ የተለመደ ነው። ደራሲው እየተሻሻለ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ቅጽ አንድን ያልወደደው ሰው ቅጽ ሁለትን አይገዛም፣ ስለዚህም ኮከብ አይሰጠውም። የቀሩት ወዳጆች ናቸው። በዚህ ስሌት የቅጽ አንድ አማካይ ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛው ነው፤ የቅጽ አምስት አማካይ ደግሞ «ተከታታዩ ይሻሻላል» ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ባለ ሦስት ኮከቡን ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ይበጃል። ባለ አምስቱ ፍቅር ነው፣ ባለ አንዱ ቁጣ ነው፤ ባለ ሦስቱ ግን ምን እንደወደደና ምን እንዳደከመው ለይቶ መጻፍ ግድ ይለዋል። ከዚያ «የት ቆመ?» ብሎ መፈለግ ነው። «አሰልቺ ነው» ብቻ ያለ ሰው ምንም አልነገረንም። «ዋናው ገፀ ባሕርይ ከመንደሩ እስኪወጣ ጠብቄ ተውኩት» ያለው ግን ጠቃሚ መረጃ ሰጥቶናል፤ ቀስ ያለ ጅማሮ ለሚወድ አንባቢ ያው ስሞታ ምርቃት ነው።

«እስከ ሦስተኛው ቅጽ ታገስ፣ ከዚያ በኋላ ይጥማል» ከሚል ምክር መጠንቀቅ ይገባል። ምክሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ቅጽ አንድና ሁለት ራሳቸውን ችለው አይቆሙም ማለት ነው። በሰዓት ቢታሰብ ከ50 በላይ ሊሆን ይችላል። ፊልሙን ወይም የቴሌቪዥን ድራማውን አስቀድሞ ያየ ሰው የሚሰጠው አስተያየትም ለብቻው መታየት አለበት፤ እሱ ድንገተኛውን ነገር ሁሉ ስለሚያውቅ የሚያነበው ሌላ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። በ14 ዓመቱ አንብቦ ከትዝታው ኮከብ የሚሰጥም አለ። እሱን ማመን ደስ ይላል፣ መከተል ግን አደጋ አለው።

## ቶልኪን፦ «ዘ ፌሎውሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ» (1954)

በዚህ ልብ ወለድ ላይ የሚሰነዘሩት ሁለት ዋና ስሞታዎች፣ «ቀስ ይላል» እና «አይጨርስም»፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሁለተኛው መነሻ ግን መጽሐፉ አይደለም። ቶልኪን የጻፈው አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነው። በሦስት ቅጽ እየተከፈለ በ1954 እና በ1955 የወጣው አሳታሚው የኅትመቱን ወጪ ስለፈራ ነው። ስለዚህ ይህን ቅጽ ለብቻው መመዘን የአንድን ታሪክ ሲሶ እንደመመዘን ነው፤ የሚያበቃውም ተጓዦቹ በተበታተኑበት ቦታ ላይ ነው።

ዝግታው ግን የራሱ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ድግስ እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ዋና ውይይት በታሪኩ ውስጥ 17 ዓመት ያልፋል። ዋናው ገፀ ባሕርይ ፍሮዶ ከቤቱ የሚወጣው በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ከዚያም ብዙ አንባቢ የሚያቆምባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ያለው የቶም ቦምባዲል ክፍል ነው፤ ዋናው መንገድ ለጊዜው ይረሳል፣ መዝሙር ይበዛል። ሁለተኛው፣ ቅጹ ከተከፈለባቸው ሁለት «መጻሕፍት» በሁለተኛው መጀመሪያ አካባቢ ያለው የኤልሮንድ ጉባኤ ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው ረጅም ታሪክ እያፈራረቁ ያወራሉ። ጉባኤውን ያለፈ አንባቢ ከዚያ በኋላ የሚያቋርጥበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ የሞሪያ ዋሻ ቀጥሎ ይመጣል፣ ፍጥነቱም ይለወጣል።

የሚጠቅም አካሄድ፦ ሆቢቶች ስለሚባሉት ትናንሽ ሕዝቦች የሚያወራውን መቅድም ዘሎ ከምዕራፍ አንድ መጀመር፣ ወደ እሱ በኋላ መመለስ። በመጀመሪያው ንባብ ግጥሞቹን ማለፍም ታሪኩን አያጎድልም። እንግሊዝኛው ጥንታዊ ቃና አለው፤ በተለይ የተራራ፣ የወንዝና የዛፍ ስሞች መዝገበ ቃላት ያስከፍታሉ። ጭካኔ ጥቂት ነው፣ ወሲብ የለም። የሚያመነታ ሰው በ1937 የወጣውን አጭሩን «ዘ ሆቢት» ለመሞከሪያ ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን እሱ ለልጆች የተጻፈ ቀላል ቃና ስላለው ሙሉ ናሙና አይደለም።

## ለጉዊን፦ «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (1968)

ከዘጠኙ አጭሩ። 10 ምዕራፍ፣ ወደ 56,000 ቃል፣ በሁለት ምሽት የሚያልቅ። ጌድ የተባለ ወጣት ጠንቋይ በትዕቢቱ የለቀቀውን ጥላ ያሳድዳል፣ በመጨረሻም ነገሩ ይፈታል። ከዚህ የበለጠ ራሱን ችሎ የሚዘጋ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አንባቢ የሚያማርረው ተራኪው ሩቅ ስለሆነ ነው። ምልልስ ጥቂት ነው፤ ዓመታት በአንድ አንቀጽ ያልፋሉ፤ ቃናው እንደ ጥንት ተረት ነው። ጦርነትና የቤተ መንግሥት ሴራ የሚፈልግ እዚህ አያገኝም። የተጻፈው ለወጣቶች ነው መባሉ ግን ማንንም ማራቅ የለበትም፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ጥርት ያለ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ለሚፈራ አንባቢ ከሁሉም የተሻለው መግቢያ ይኸው ነው። ተከታታዩ ስድስት መጻሕፍት ሆኖ በ2001 አልቋል።

## ጆርዳን፦ «ዚ አይ ኦፍ ዘ ወርልድ» (1990)

መቅድሙ ከዋናው ታሪክ ሺህ ዓመታት ቀድሞ የሚፈጸም ነው፤ እንዳይገባ ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ ባይገባም አያስጨንቅ። ከዚያ አራት ምዕራፍ የመንደር ሕይወት፣ በአምስተኛው ላይ ጥቃት፣ ከዚያ ሽሽት። ይህ አካሄድ ቶልኪንን አጥብቆ ያስታውሳል፤ «ኮርጆ ነው» የሚሉት አንባቢዎች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ሲሶ ነው። ስደተኞቹ ከተበታተኑ በኋላ መጽሐፉ የራሱን መንገድ ይይዛል፣ እስከዚያ ድረስ በዋናው ገፀ ባሕርይ በራንድ ዓይን ብቻ የነበረው ትረካም ለሌሎች ይከፈላል።

ሁለተኛው ስሞታ የመጨረሻው ፍልሚያ ነው። ከ50 ምዕራፍ ጉዞ በኋላ መደምደሚያው በጥቂት ምዕራፎች ይጣደፋል፣ አንዳንዱ ነገርም ሳይብራራ ያልፋል። ትክክለኛ ትችት ነው። የሆነ ሆኖ የቅጹ ግጭት ይዘጋል፤ እዚህ ላይ ማቆም የፈለገ ሰው ማቆም ይችላል።

ከባዱ ውሳኔ ከዚህ በኋላ ነው። ተከታታዩ 14 ቅጽ ነው። ጆርዳን በ2007 ሳይጨርሰው አረፈ፤ በተወው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች ብራንደን ሳንደርሰን ጽፎ በ2013 ደመደመው። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ባሉት ቅጾች ታሪኩ በጣም እንደሚጓተት ወዳጆቹ ራሳቸው ያምናሉ። ቅጽ አንድን «ደህና ነው» ብሎ ብቻ የጨረሰ ሰው እስከዚያ ባይዘልቅ አይፈረድበትም። መጨረሻው ላይ ሙዳየ ቃላት አለ፤ ሳይጨርሱ ሁሉንም ማንበብ ግን ድንገተኛውን ሊያደበዝዝ ይችላል፣ ለሚያስቸግር ቃል ብቻ መግለጥ ነው።

## ሆብ፦ «አሳሲንስ አፕረንቲስ» (1995)

አንድ ተራኪ፣ አንደኛ መደብ፣ አንድ ቤተ መንግሥት። ፊትዝ የልዑል ዲቃላ ነው፤ በድብቅ ነፍሰ ገዳይነት ይሠለጥናል። የመግቢያው ክብደት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ልጁ እያወቀ ሲሄድ አንባቢውም አብሮ ያውቃል። የመሳፍንቱ ስም ባሕርይ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋም። ይህ በሌሎቹ ውስጥ የማይገኝ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስሞታው ስቃዩ ነው። ፊትዝ ይበደላል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይበደላል፤ «ድል» የሚባል ነገር ጥቂት ነው። ጀግናው እንዲያሸንፍ የሚያነብ ሰው በጣም ይከፋዋል። የሰው ስሜት ከሰይፍ ውጊያ የሚበልጥበት ግን ከዘጠኙ በላይ የሚያስቀምጠው ይሆናል። ሦስቱ ቅጽ በ1997 አልቋል። በዚያው ዓለም ላይ እስከ 2017 የቀጠሉ መጻሕፍት ሲደመሩ 16 ናቸው፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት በሽፋኑ ማማር የኋለኛውን ሦስትዮሽ አስቀድሞ መግዛት ነው። የኋለኛው የፊተኛውን መጨረሻ በግልጽ ያወጣዋል።

## ማርቲን፦ «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ» (1996)

መቅድሙን ሳይጨምር 72 ምዕራፍ፣ ስምንት አንጻር። እያንዳንዱ ምዕራፍ ርእሱ የሰው ስም ነው፤ ይህች ቀላል ዘዴ አንባቢውን ከመጥፋት ታድነዋለች። ሌላው ሁሉ ግን ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የስታርክ ቤተሰብ ልጆች፣ የተኩላ ግልገሎቻቸው፣ ሎሌዎቻቸው፣ ከዚያም የንጉሡ አጃቢ በሙሉ ይመጣል። መፍትሔው ከመጽሐፉ ኋላ ያለው የቤተሰቦች ዝርዝር ነው። እሱን በወረቀት ገልብጦ እንደ ዕልባት መያዝ ኢንተርኔት ከመፈለግ እጅግ ይሻላል፤ የአንድን ገፀ ባሕርይ ስም መፈለጊያ ላይ የጻፈ ሰው ገና ሳይጨርስ «አሟሟት» የሚለው ቃል ከስሙ ኋላ ተለጥፎ ይመጣለታል።

የመክፈል ጊዜው ፈጣን ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ምዕራፎች ውስጥ ሊመለስ የማይችል ነገር ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ «ምንም አልተፈጠረም» የሚል አንባቢ ማግኘት ይከብዳል። ስሞታው ሌላ ቦታ ነው። ዴኔሪስ በተባለችው ስደተኛ ልዕልት መስመር የሚደርሰው በባሕር ማዶ ስለሆነ ከሌላው ጋር በዚህ ቅጽ አይገናኝም፤ ለዋናው ሴራ የሚቸኩል ሰው እሷ ጋ በደረሰ ቁጥር ይናደዳል። የልብስ፣ የምግብና የአርማ ዝርዝርም ይበዛል፤ እነዚህን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል፣ አርማዎቹን ግን አይደለም። ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በእነሱ ነው።

ይዘቱ ለአዋቂ ነው። በሕፃን ላይ የሚፈጸም የግድያ ሙከራ፣ የወንድምና እህት ወሲብ፣ ገና ልጅ የሆነች ሙሽራ የምትቀበለው ጋብቻ አለ። እነዚህ ጫፍ ላይ ያሉ ክስተቶች ሳይሆኑ የታሪኩ ምሰሶዎች ስለሆኑ «ዘልዬ አልፋለሁ» አይሠራም።

የቴሌቪዥኑ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ በ2011 የወጣው 10 ክፍል፣ ይህን ቅጽ በጣም ተጠግቶ ይከተላል። ድራማውን ያየ ሰው እዚህ የሚያገኘው ትርፍ የገፀ ባሕርያቱ ሐሳብና የድሮው ታሪክ ነው። ለዚያ ካልሆነ 25 ሰዓት ብዙ ነው።

ከታሰቡት ሰባት ቅጾች የወጡት አምስት ናቸው፤ አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው። ቅጽ አንድ አንዳንድ መስመሮችን በኃይለኛ ምት ይዘጋል፣ ጦርነቱን ግን ጅማሮው ላይ ይተወዋል። ያለ መጨረሻ መኖር ለማይችል አንባቢ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

## ኤሪክሰን፦ «ጋርደንስ ኦፍ ዘ ሙን» (1999)

አጭር ፍርድ፦ ለጀማሪ አይሆንም። መጽሐፉ አንባቢውን ጦርነት መሃል ይጥለዋል፤ የአስማቱን ሕግ፣ የአማልክቱን ጠብ፣ የወታደሮቹን ቅጽል ስም ማንም አያብራራም። መጀመሪያ ላይ የገፀ ባሕርያት ዝርዝር መኖሩ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ቅጽ ወደ ሌላ አህጉር ተሻግሮ በብዛት አዳዲስ ሰዎችን ይዞ ስለሚነሳ፣ በስንት መከራ ስም ያጠና አንባቢ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። አሥሩ ቅጽ በ2011 አልቋል። ሦስት አራት ሌላ ተከታታይ ያነበበ፣ ተብራርቶ የሚቀርብለት ነገር የሰለቸው ሰው እዚህ ያገኘውን ሌላ ቦታ አያገኝም።

## ሳንደርሰን ከሳንደርሰን፦ «ዘ ፋይናል ኢምፓየር» (2006) እና «ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» (2010)

አንድ ደራሲ ስለሆነ እርስ በርስ ማወዳደሩ ይቀላል። በሁለቱም እንግሊዝኛው ግልጽ ነው፣ አስማቱ ጥብቅ ሕግ አለው፣ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ ይነበባሉ። ስሞታውም በሁለቱም አንድ ነው፦ ቃላቱ ውበት ይጎድላቸዋል፣ የተነገረው ነገር ይደጋገማል።

«ዘ ፋይናል ኢምፓየር» «ሚስትቦርን» የተባለው ሦስትዮሽ መጀመሪያ ነው። ጥቂት ወንበዴዎች አንድን ግዛት ለመገልበጥ ያሴራሉ፤ አስማቱ ብረት ውጦ ኃይሉን ማቃጠል ነው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ቪን ስትማር አንባቢውም ስለሚማር የመግቢያው ክብደት መካከለኛ ነው። በቅጽ አንድ የተነሳው ዋና ጥያቄ በቅጽ አንድ ይመለሳል። ሦስትዮሹ በ2008 አልቋል።

«ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» ከዚህ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዋናው ሰው ካላዲን እስኪገባ ድረስ አንባቢው በተለያየ ዘመን የሚፈጸሙ ሁለት መግቢያዎችን ያልፋል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ራሱ በሌላ ወታደር ዓይን ነው የሚታየው። ከአምስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ከካላዲን ጋር ሻላንን እናገኛለን፤ በሁለተኛው ሻላን ትጠፋና ዳሊናር ይገባል። ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ሽግግር ላይ ነው። በክፍሎቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጣልቃ ገብ ታሪኮች ደግሞ ለዚህ ቅጽ ብዙም አያስፈልጉም። ከታሰቡት አሥር ቅጾች አምስቱ ወጥተዋል፤ አምስተኛው በ2024 መጨረሻ ወጥቶ የመጀመሪያውን ግማሽ ዘግቷል። ደራሲውን የማያውቅ ሰው በ«ዘ ፋይናል ኢምፓየር» ይጀምር። 32 ሰዓት ከመስጠት በፊት በ18 ሰዓት መተዋወቅ ይበልጣል።

## ሮትፈስ፦ «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ» (2007)

ቋንቋው ከዘጠኙ የሚያምረው ይህ ነው ብል የሚከራከረኝ የለጉዊን ወዳጅ ብቻ ይመስለኛል። ዋናው ገፀ ባሕርይ ክቮቴ የሕይወት ታሪኩን ለአንድ ጸሐፊ በሦስት ቀን ሊናገር ይስማማል፤ ይህ ቅጽ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጥቂቶቹ የመግቢያ ምዕራፎች በመጠጥ ቤቱ በሦስተኛ መደብ ይተረካሉ፤ እውነተኛው ድምፅ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ናሙና ያነበበ ሰው እነሱን አልፎ ይፍረድ።

ስሞታው ሁለት ነው። ክቮቴ ሁሉንም ይችላል፤ ይህ የሚያናድደው አለ፣ «ራሱን እያጋነነ የሚያወራ ተራኪ ነው» ብሎ የሚደሰትበትም አለ። ሁለተኛው ስሞታ፣ የሁለተኛው ቀን ቅጽ በ2011 ቢወጣም የሦስተኛው አልወጣም። በቅርብ ዓመታት በተጻፉት አስተያየቶች ላይ የሚታየው ምሬት በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ መጽሐፉን የሚመዝን ሰው ይህን ቁጣ ቀንሶ ያንብብ። ቅጹ ራሱ በተማሪ ቤት ሕይወት መሃል ይቆማል፣ ትልቁ ጥያቄም ሳይነካ ይቀራል።

## በአንድ እይታ

| ልብ ወለድ | ርዝመት በቃል (ገደማ) | ሰዓት፣ በደቂቃ 200 / 150 ቃል | የመግቢያ ክብደት | ራሱን ችሎ ይዘጋል? | ተከታታዩ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ | 56,000 | 5 / 6 | ቀላል | ሙሉ በሙሉ | 6፣ አልቋል |
| አሳሲንስ አፕረንቲስ | 155,000 | 13 / 17 | ቀላል | በአብዛኛው | 3፣ አልቋል |
| ዘ ፌሎውሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ | 187,000 | 16 / 21 | መካከለኛ | አይዘጋም | 3፣ አልቋል |
| ዘ ፋይናል ኢምፓየር | 210,000 | 18 / 23 | መካከለኛ | አዎ | 3፣ አልቋል |
| ጋርደንስ ኦፍ ዘ ሙን | 210,000 | 18 / 23 | በጣም ከባድ | በከፊል | 10፣ አልቋል |
| ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ | 250,000 | 21 / 28 | ቀላል | አይዘጋም | ከ3 የወጣው 2 |
| ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ | 298,000 | 25 / 33 | ከባድ | በከፊል | ከ7 የወጣው 5 |
| ዚ አይ ኦፍ ዘ ወርልድ | 305,000 | 25 / 34 | መካከለኛ | በአብዛኛው | 14፣ አልቋል |
| ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ | 385,000 | 32 / 43 | ከባድ | በአብዛኛው | ከ10 የወጣው 5 |

## ለማን የቱ?

ጊዜም ገንዘብም አጥሮት አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ፦ ለጉዊን። ትንሽ ሰፋ ያለ ጀብዱ ከፈለገ «ዘ ፋይናል ኢምፓየር»። ሁለቱም ቅጽ ሁለትን የመግዛት ግዴታ አያስከትሉም።

ሦስት ቅጽ የመግዛት አቅም ያለው፣ እስከ መጨረሻው ለመሄድ የቆረጠ፦ ሆብ ወይም ቶልኪን። በሁለቱ መካከል የሚወስነው ቀላል ነው። ሰውን ከመልክዓ ምድር አስበልጦ የሚወድ ሆብን፣ መንገዱንና ጥንታዊነቱን የሚወድ ቶልኪንን።

የፖለቲካ ሴራ የሚወድ አዋቂ፣ መጨረሻው ባይመጣም የማያኮርፍ፦ ማርቲን፤ ተወዳዳሪ የለውም። ያለ መጨረሻ የማይሆንለት ከሆነ ሆብ ውስጥም ሴራ አለ፣ መጠኑ ቢያንስም።

ዓመት ሙሉ በአንድ ዓለም ውስጥ መኖር የሚሻ፦ ጆርዳን። ግን አሥራ አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት የለበትም። ሦስቱን አንብቦ ራሱን ይጠይቅ፤ ያኔም ገና «ወደፊት ይጥማል» እያለ ራሱን የሚያጽናና ከሆነ አይጥመውም።

ለ13 ወይም ለ14 ዓመት ልጅ የሚመርጥ ወላጅ፦ ለጉዊን፣ ቶልኪን፣ ከዚያ ጆርዳን። ማርቲንና ኤሪክሰን ይቆዩ። ሆብ ደም ባይበዛበትም የልብ ሕመሙ ከባድ ነው።

ከዚህ በፊት አንዱን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ደግሞ መጽሐፉን እንደገና ከመሞከር በፊት የት ላይ እንዳቆመ ያስታውስ። ስም በዝቶበት ከሆነ ያቆመው፣ አንድ አንጻር ወዳለው ይሂድ፤ ሆብ ወይም ለጉዊን። ዝግታው ከሆነ ወደ «ዘ ፋይናል ኢምፓየር»። ጭካኔው ከሆነ ወደ ቶልኪን።

## ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች

ናሙና ሲነበብ የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች አይበቁም፤ ከዘጠኙ በብዙዎቹ እነዚያ ገጾች መቅድም ናቸው፣ መቅድሙም ከመጽሐፉ ቃና ይለያል። ሦስት ሙሉ ምዕራፍ ማንበብ፣ ለ«ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» አምስት።

በድምፅ የሚያዳምጥ ሰው የስሞቹን አጻጻፍ ስለማያይ፣ ካርታም ስለማይኖረው፣ ሆብና ሮትፈስ ይመቹታል፤ አንድ ሰው ታሪኩን እያወራ ነውና። ኤሪክሰንን በድምፅ መጀመር ራስን መቅጣት ነው።

እትሙን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። «ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» በብሪታንያው የወረቀት ሽፋን እትም ለሁለት ተከፍሎ ይሸጣል፤ «ክፍል አንድ» የሚለውን ብቻ የገዛ ሰው ግማሽ ልብ ወለድ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። የማርቲን ሦስተኛ ቅጽም እንዲሁ ተከፍሎ ወጥቷል። «ዚ አይ ኦፍ ዘ ወርልድ» ለወጣት አንባቢዎች በሁለት መጽሐፍ ተከፍሎ የታተመበት ጊዜ ስላለ፣ ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው በሽፋኑ ላይ የተለየ ርእስ ካየ ይጠንቀቅ። የቶልኪንን ሦስቱንም በአንድ ጥራዝ መግዛት በአብዛኛው ይረክሳል፣ ነገር ግን ጥራዙ ከባድ ነው፣ ተጋድሞ ለሚያነብ አይመችም።

«የቀደመ ታሪክ» ተብሎ ዜሮ ቁጥር የተሰጠው መጽሐፍም መጀመሪያ አይደለም። የጆርዳን «ኒው ስፕሪንግ» በ2004 የወጣው ከአሥር ቅጽ በኋላ ነው፤ የተጻፈውም እነዚያን ላነበበ ሰው ነው።